የተከሉት ቁራጭ አልጸድቅ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ከእናት ተክሉ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ስር ስለሌለው የሚጠጣበት የለውም፤ ቅጠሉ ግን ውሃ ማትነኑን አያቆምም። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አቆጥቁጦ ቅጠል ካወጣ በኋላ ጠወለገ

ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ማቆጥቆጥ መጽደቅ አይደለም። ጽጌረዳና ወይን ግንዳቸው ውስጥ ባጠራቀሙት ምግብ ብቻ፣ ስር ሳይኖራቸው ቅጠል ያወጣሉ፤ ስንቁ ሲያልቅ ይደርቃሉ። ሲተክሉ የታችኛውን ቅጠል አራግፈው ከላይ ሁለት ሦስት ብቻ ይተዉ፤ ሰፋፊ ከሆነ እሱንም በግማሽ ይቁረጡት። እምቡጥ ካለ፣ ቢያሳሳም ይቀጠፍ። ከዚያ እርጥበቱ እንዳያመልጥ በላስቲክ ሸፍነው፣ ብርሃን ያለው ግን ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ ያስቀምጡት። ስር መያዙን ለማወቅ እየነቀሉ አይዩት፤ ቀስ ብለው ሳብ ሲያደርጉት አልነቀል ካለ ይዟል።

ታችኛው ጫፍ ጠቁሮ ለሰለሰ

ውሃ በዝቶበታል። አፈሩ በውሃ ሲሞላ አየር ያጣል፤ ቁስሉም ለሻጋታ ይጋለጣል። ጤነኛው ክፍል እስኪታይ ድረስ የጠቆረውን በንጹህ ምላጭ ቆርጠው ይጣሉ፤ የመጨረሻው ቁርጥ ከአንጓ (ቅጠል ከሚወጣበት የግንዱ ቦታ) ጥቂት ዝቅ ይበል፤ ስር በብዛት የሚወጣው አንጓው አካባቢ ነው። ሻካራ አሸዋ በበዛበት አፈር እንደገና ይትከሉት። ቁልቋል ከሆነ ግን አይቸኩሉ፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ።

አይበሰብስም፣ አይጸድቅም

ተገልብጦ ተተክሎ ይሆናል። ስር የሚያስወጣው ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ከጫፍ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ስር የሚበቅለው ዛፉ ላይ እያለ ታች በነበረው በኩል ነው። ሲቆርጡ ታችኛውን ቀጥ፣ ላይኛውን ሰያፍ ቢያደርጉት አይምታታም።

ባለ ቢጫ ጠርዙ ሳንሴቬሪያ (ሰይፍ መሳይ ቅጠል ያለው የቤት ተክል) አረንጓዴ ብቻ ወለደ

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ቢጫው ጠርዝ የተለየ የሴል ንብርብር ነው፤ ከቅጠል ቁራጭ የሚነሳው ቡቃያ ደግሞ ከውስጠኛው አረንጓዴ ሴል ይመጣል። ቀለሙን ከፈለጉት ከነስሩ ይከፋፍሉት።

ቆፍረው ያጠፉት ሰርዶ በእጥፍ መጣ

አልጠፋም፣ ተባዝቷል። መሬት ውስጥ የሚሄደው ነጭ ግንድ በአካፋ ሲቆራረጥ፣ አንጓ ያለው እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል። አፈሩን በመንሽ አላልተው ግንዱን ሳይበጥሱ ይሳቡት፤ የለቀሙትንም ፀሐይ ላይ አስጥተው በደንብ እስኪደርቅ ድረስ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት።