የጽጌረዳ እንቡጥ እየተጣመመ ሲያስቸግር፦ ክሽክሽን ያለ መርዝ ማጥፋት

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትበረታ ጽጌረዳ ለጋ ቅጠል ታወጣለች፤ እንቡጥ ትቋጥራለች። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ የሚያጥለቀልቃትም ያኔ ነው። ክረምቱን ሙሉ ኃይለኛ ዝናብ እያጠበ ሲያራግፈው ከርሞ፣ ዝናቡ ሲያቆም ለጋውን ቀንበጥ ያገኛል። አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ ያሉት ጽጌረዳዎች ጥቅምት ላይ በየዓመቱ ይሄው ነው የሚገጥማቸው።

ምልክቱ

ለጋው ቅጠል ይጨማደዳል፣ ይጠቀለላል። እንቡጡ ይጣመማል፣ ወይም ግማሹ ተከፍቶ ይቀራል። ቅጠሉን ስትነኩት ጣት ላይ ይጣበቃል። ከሰነበተ ደግሞ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል።

አንድ እንቡጥ በእጃችሁ ያዙና ከአበባው ሥር አንገቱን በደንብ ተመልከቱ። አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ሮዝ መልክ ያላቸው፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ ነፍሳት ተጠጋግተው ተለጥፈዋል። ስትነኳቸው እንኳ ቶሎ አይሸሹም። በመሃላቸው ነጫጭ ቅርፊት ይታያል። ብዙ ሰው ሻጋታ ነው ብሎ ይደነግጣል፤ ግን ክሽክሹ ሲያድግ የጣለው ቆዳ ነው። ሻጋታ ቢሆን ዱቄት እንደተነሰነሰ ቅጠሉን ያለብሰው ነበር። ከቅጠሉ ሥር ቀጭን ድር ካያችሁና ቅጠሉ በቢጫ ነጠብጣብ ከተሞላ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ያ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ሌላ ተባይ ነው።

ለምን መጣ?

ክሽክሽ እንደ መርፌ የቀጠነ አፉን ቀንበጡ ውስጥ ሰክቶ ፈሳሹን ይመጥጣል። ፈሳሹ ስኳር ይበዛበታል፣ የተረፈውን መልሶ ያንጠባጥበዋል። የሚጣበቀው እሱ ነው፤ ጥላሸት የሚመስለው ሻጋታም የሚያድገው እሱ ላይ ነው።

የሚበዛበት ፍጥነት ያስገርማል። ሴቷ ወንድ ሳያስፈልጋት ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፣ ልጆቿም በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ለመውለድ ይደርሳሉ። ሰኞ ሦስት አራት አይታችሁ ከተዋችሁት፣ በሳምንታት ውስጥ ቀንበጡ ይሸፈናል።

እኛም የምናግዘው ነገር አለ። ዩሪያ የበዛበት ጽጌረዳ ለስላሳ፣ ውሃ የሞላበት ቀንበጥ ያወጣል፤ ክሽክሽ ደግሞ የሚወደው እሱን ነው። ጥቂት የበሰለ ኮምፖስት ይበቃታል።

ሌላው ጉንዳን ነው። ግንዱ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሉ ጉንዳኖች ካያችሁ ክሽክሹን ፈልጉት፣ አይቀርም። ጉንዳኑ ጣፋጩን ፈሳሽ ይልሳል፣ በምላሹ ክሽክሹን ከጠላቶቹ ይጠብቀዋል።

መፍትሄው

መጀመሪያ ውሃ። በጠዋት የውሃ ጎማውን ጫፍ በአውራ ጣት ጠበብ አድርጋችሁ፣ ቀንበጡን በሌላው እጅ ደግፋችሁ፣ ከታች ወደ ላይ በኃይል እጠቡት። የወደቀው አብዛኛው ተመልሶ አይወጣም። በየሁለት ሦስት ቀኑ ለሁለት ሳምንት ደጋግሙት። ጥቂት ከሆነ ይህ ብቻ ይበቃል። አንድ ሁለት ቀንበጥ ብቻ ክፉኛ ከተያዘ ቆርጦ መጣል ይቀላል።

ካልበቃ ሳሙና። በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ። የዱቄት ሳሙናና በረኪና አታስገቡ፣ ቅጠል ያቃጥላሉ። መጀመሪያ ሁለት ቅጠል ላይ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ። ደህና ከሆነ ፀሐይ ሳይከር ወይም ወደ ማታ ላይ ርጩት። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው። ስለዚህ የቅጠሉ ሥርና የእንቡጡ አንገት እስኪርስ ድረስ መርጨት ያስፈልጋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙት።

ጉንዳኑን ለመከልከል ግንዱ ላይ ፕላስተር ጠምጥሙና ከላዩ ቫዝሊን ቀቡ። ቅርንጫፍ አጥር ከነካ ግን ጉንዳኑ በዚያ ዞሮ ይገባል፤ ቅርንጫፉን መግረዝ ነው።

መርዝ አልመክርም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ገዝቼ ረጭቻለሁ። ጥቂት ቀን ጸዳ፣ ከዚያ ብሶበት ተመለሰ። መርዙ የክሽክሹን ጠላቶችም አብሮ ጨርሷቸው ነበር። ቀይዋን ባለጥቁር ነጠብጣብ ጥንዚዛ ሁሉም ያውቃታል፤ ልጇን ግን ብዙ ሰው ተባይ መስሎት ይጨፈልቃታል። ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ ጎኗ ላይ ብርቱካናማ ምልክት ያላት፣ ትንሽ አዞ የምትመስል ናት። ክሽክሽ በብዛት ትበላለች፣ እባካችሁ አትንኳት። ያበጠ፣ ቡናማ ሆኖ የደረቀ ክሽክሽ ካያችሁም ደስ ይበላችሁ። ትንሽ ተርብ እንቁላሏን ውስጡ ጥላ ገድላዋለች ማለት ነው። እነዚህን ካያችሁ ሳሙናውን ትታችሁ ጥቂት ቀን ጠብቁ።

የተጨማደደው ቅጠል ተመልሶ አይዘረጋም፣ እሱን አይታችሁ አልሠራም አትበሉ። ቀጥሎ የሚወጣውን ቀንበጥ ተመልከቱ።