የጃፓን የሕፃናት መዝሙሮችን በቤትና በመዋዕለ ሕፃናት ለመዘመር

የጃፓን የሕፃናት መዝሙሮች አብዛኞቹ ከጨዋታ ጋር የተወለዱ ናቸው፤ እጅ ይጨበጣል፣ ክብ ይሠራል፣ ጓደኛ ይያዛል። ስለዚህ ቋንቋውን የማያውቅ ወላጅ ወይም መምህርት ከትርጉሙ በፊት ጨዋታውን ቢያስቀድም ልጆቹ ዜማውን ሳይጨነቁ ይይዙታል። ትርጉሙን ከተዘመረ በኋላ፣ ልጆቹ ራሳቸው ሲጠይቁ መንገር የተሻለ ነው።

መዝሙር ከመምረጥዎ በፊት ሁለቱን ዋና ወገኖች ይለዩ። «ዋራቤ ኡታ» የሚባሉት ደራሲያቸው የማይታወቅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ በቃል የተላለፉ የጨዋታ ዜማዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በጥቂት ድምፆች መካከል ብቻ ስለሚመላለሱ ለትንሽ ልጅ ጉሮሮ ይመቻሉ። «ዶዮ» የሚባሉት ደግሞ ገጣሚና የዜማ ደራሲ ለልጆች ብለው የደረሷቸው ናቸው፤ ይህ እንቅስቃሴ የጎለበተው ሱዙኪ ሚኤኪቺ እ.ኤ.አ. በ1918 «አካይ ቶሪ»፣ ማለትም «ቀይ ወፍ»፣ የተባለውን የልጆች መጽሔት ከመሠረተ በኋላ ሲሆን፣ በትምህርት ቤት ይዘመሩ ከነበሩት መዝሙሮች ይልቅ ለልጅ ስሜት የቀረበ ግጥም ለማቅረብ የታሰበ ነበር። በእኔ አስተያየት ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ዋራቤ ኡታ ይቅደም።

ቃሉን በፊደላችን መጻፍ እጅግ ቀላል ነው። ጃፓንኛ አምስት አናባቢዎች ብቻ ስላሉት ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ ብሎ የጻፈ ሰው ብዙውን ሥራ ጨርሷል፤ ግዕዙ «ከ» አያስፈልግም፣ ሳድሱም በአብዛኛው የሚያስፈልገው ለ«ን» ነው። ሦስት ነገሮችን ግን ልብ ይበሉ። «ን» በጃፓንኛ የአንድ ሙሉ ፊደል ያህል ጊዜ ይወስዳል፤ «ኡ» ሲባል ከንፈር እንደ እኛ አይሾልም፤ በጃፓንኛም እንደ አማርኛ የሚጠብቁ ድምፆች ስላሉ፣ በሚዘምሩበት ወረቀት ላይ ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል ከላዩ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ በኋላ የጃፓን ልጆች ሲዘምሩ የተቀዳውን ደጋግመው ሰምተው ወረቀትዎን ያርሙ።

ለመጀመሪያው ቀን የምመርጠው «ናቤ ናቤ ሶኮ ኑኬ» የተባለውን ነው። ናቤ ማለት ድስት ነው፤ ሙሉ ቃሉም «ናቤ ናቤ ሶኮ ኑኬ፣ ሶኮ ጋ ኑኬታራ ካኤሪማሾ» ሲሆን፣ «ድስት ድስት፣ መቀመጫህ ይውለቅ፤ መቀመጫህ ከወለቀ እንመለስ» እንደ ማለት ነው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው ሁለቱንም እጆቻቸውን ይያያዙና በዜማው ምት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛሉ። «ካኤሪማሾ» ሲባል እጃቸውን ሳይለቁ በአንድ ወገን ያሉትን ክንዶች ከፍ አድርገው ሁለቱም በሥራቸው ይሾልካሉ፤ ጀርባ ለጀርባም ይሆናሉ። መዝሙሩ ሲደገም በዚያው መንገድ ወደ ፊት ለፊት ይመለሳሉ። ትንንሾቹ መጀመሪያ ላይ እጃቸው ይጣመምባቸዋል፤ ስለዚህ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ቀስ ብሎ ያሳይ፣ ማንም ልጅ ክንዱን እንዳይጎተት ይጠንቀቁ። ጥንዶቹ ሲለምዱ አራት፣ ከዚያም ክፍሉን በሙሉ በአንድ ክብ ያቁሙ፤ ሁለት ልጆች ክንዳቸውን አንሥተው በር ይሠራሉ፣ የቀሩት እጃቸውን ሳይለቁ በተራ በዚያ በር ያልፋሉ፣ በመጨረሻም ክቡ በሙሉ ፊቱን ወደ ውጭ ያዞራል። ይህን ክብ ለማዞር ልጆቹ ሳይቸኩሉ አንዱ ሌላውን መጠበቅ አለባቸው፤ ከጨዋታው ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

ተቀምጦ ለመጫወት «ዙይ ዙይ ዙኮሮባሺ» ይስማማል። ልጆቹ በክብ ተቀምጠው ጡጫቸውን ከላይ ቀዳዳ እንዲኖረው አድርገው ይዘረጋሉ፤ መሪው በምቱ ልክ ጠቋሚ ጣቱን በየጡጫው ቀዳዳ እየነካ ይዞራል፤ የመጨረሻው ድምፅ ያረፈበት ልጅ ቀጣዩ መሪ ይሆናል።

ክፍሉ ሲንጫጫና ተረት ለማንበብ ጸጥታ ሲያስፈልግ «ሙሱንዴ ሂራይቴ» የሚለውን ይጀምሩ። እጅ ይጨበጣል፣ ይከፈታል፣ ይጨበጨባል፣ እንደገና ይጨበጣል፤ በመጨረሻም ወደ ላይ ይነሣል። ዜማው ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1752 ካቀረበው ኦፔራ እንደ መጣ ይነገራል። ልጆቹ ሲለምዱት «ወደ ላይ» በሚለው ፈንታ «ራስ ላይ»፣ «ጉልበት ላይ» እያሉ ቦታውን ይለዋውጡ፤ የመጨረሻውን ዙር በዝግታ ዘምረው እጆቹን በጉልበት ላይ ያሳርፉ።

ከአምስት ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች የእንቁራሪቱ መዝሙር፣ «ካኤሩ ኖ ኡታ»፣ ተከትሎ ለመዘመር ይጠቅማል። አንደኛው ቡድን የመጀመሪያውን ስንኝ እንደ ጨረሰ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይነሣል። ሁሉም ልጆች ያለ እርዳታ አብረው መዘመር ሳይችሉ ግን ቡድን አይክፈሉ፤ አለዚያ ሁለቱም ቡድኖች ይደባለቁና ዜማው ይጠፋል።

በጃፓን በሰኔ አካባቢ ዝናብ ሲበዛ ልጆች «ቴሩ ቴሩ ቦዙ» የተባለ አሻንጉሊት ሠርተው በመስኮት ላይ ይሰቅላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው መዝሙርም ይህንን አሻንጉሊት ነገ ፀሐይ እንዲያወጣ ይለምነዋል። ጥጥ ወይም ወረቀት አድቦልቡለው በነጭ ጨርቅ ይሸፍኑት፣ አንገቱን በክር ይሰሩት፣ ዓይንና አፍ ልጆቹ ይሣሉለት። ነገር ግን የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ ይዘምሩ፤ በሦስተኛው አንቀጽ ሰማዩ ካልጠራ የአሻንጉሊቱ አንገት እንደሚቆረጥ ስለሚነገር ትንንሾቹን ያስደነግጣል።

ለመሰነባበቻ «ዩያኬ ኮያኬ» ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1923 የታተመው ይህ መዝሙር ፀሐይ ስትጠልቅና የተራራው ቤተ መቅደስ ደወል ሲደወል፣ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከቁራዎቹ ጋር ወደ ቤት እንዲመለሱ ይጠራል፤ በብዙ የጃፓን ከተሞችና መንደሮች ዜማው ማምሻውን በአደባባይ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። የተሠራበት ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ ከትዝታ ሜጀር ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ክራር ያለው ቤት በትዝታ ቃኝቶ ሊያጅበው ይችላል፣ የእኛም ልጆች ጆሮ ቶሎ ይቀበለዋል። በመዋዕለ ሕፃናት ልጆቹ ቦርሳቸውን ይዘው ጥንድ ጥንድ ሲሰለፉ የመጀመሪያውን አንቀጽ ይዘምሩ። ሁለተኛው አንቀጽ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ስለምትወጣው ክብ ትልቅ ጨረቃና ስለ ወርቃማ ከዋክብት ስለሚናገር፣ እርሱን ለመኝታ ሰዓት እንዲሆን ለወላጆች ጽፈው ይላኩላቸው።