የስቴት ተመራጭን የሕግ መዝገብ ስታዩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

እዚህ አሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ ፖስታ ሳጥናችን በእጩዎች ወረቀት ይጨናነቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ኑሩ አውሮራ፣ አሌክሳንድሪያ ኑሩ ሚኒያፖሊስ፣ ነገሩ አንድ ነው። ፈገግ ያለ ፎቶ፣ ከሥሩ ደግሞ ይህን ያህል ሕግ አቅርቤያለሁ፣ ይህን ያህል አስወጥቻለሁ የሚል ጉራ። ተፎካካሪው በማግስቱ የራሱን ወረቀት ይልካል፤ ካቀረበው ውስጥ ያለፈው ይህችን ታህል ነው ይላል። የሚገርመው ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ።

መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው። የስቴቱ ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ የተመራጩን ስም ስትፈልጉ ያቀረበው ረቂቅ ሁሉ ተዘርግፎ ይመጣል። ችግሩ አነባበቡ ላይ ነው። እዚህ ደጋግሜ ባራክ ኦባማን አነሳለሁ፤ ፕሬዝዳንት ከመሆኑ በፊት ከ1997 እስከ 2004 የኢሊኖይ ስቴት ሴኔተር ነበር፣ መዝገቡም በ2008ቱ ምርጫ ዘመን በወዳጅም በጠላትም ተበርብሯል። (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥር ቆጥሮ መፍረድ

ረቂቅ ማቅረብ ብቻውን ሥራ አይደለም። ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ የምርጫ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ረቂቆች ይቀርባሉ፣ አብዛኞቹም ኮሚቴ ውስጥ እንደተኙ ዘመኑ ያልቃል። ኮሎራዶ ግን አንድ ተመራጭ በዓመት አምስት ረቂቅ እንዲያቀርብ ነው ደንቡ፣ ለየት ያለ ፈቃድ ካላገኘ በቀር። በዚያ ላይ የቀረበው ረቂቅ ሁሉ ኮሚቴ ፊት መሰማት አለበት፤ ሕዝቡ ራሱ በ1988 ድምፅ ሰጥቶ ያስገባው ሕግ ነው። ቴክሳስ ደግሞ መደበኛ ስብሰባው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ያውም 140 ቀን ብቻ። ታዲያ የኒው ዮርኩን ተመራጭ ከኮሎራዶው ጋር በቁጥር ስታወዳድሩ ምን እያወዳደራችሁ ነው? ማወዳደር ካለባችሁ እዚያው ምክር ቤት፣ በዚያው ዘመን ካለ ሰው ጋር ይሁን።

ቁጥሩ ውስጥ ተደባልቀው የሚገቡትንም ለዩ። የእንኳን ደስ አላችሁ ውሳኔዎች፣ የመታሰቢያ ቀኖች፣ የመንገድ ስያሜዎች አሉ። ክፋት የላቸውም፤ ግን እንደ ትልቅ ሕግ አይቆጠሩም። ስሙን ከሌሎች ሃያ ሰዎች ጋር የጨመረበትን ረቂቅም ዋና አቅራቢ ከሆነበት ለይታችሁ ቁጠሩ። ስም መጨመር የሚፈጀው የፊርማ ጊዜ ብቻ ነው።

ወንበሩ በማን እጅ እንደነበር ሳያዩ ሰነፍ ነው ማለት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ኦባማ ሴኔት ሲገባ ምክር ቤቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ነበር፣ እሱ ደግሞ ዴሞክራት። የትኛው ረቂቅ ከኮሚቴ ወጥቶ ድምፅ ይሰጥበት የሚለውን የሚወስነው አብላጫው ፓርቲ ነው። ስለዚህ ለስድስት ዓመት ያህል አብዛኛው ሐሳቡ ኮሚቴ ውስጥ ቢቀር አይገርምም። ያም ሆኖ በ1998 ፖለቲከኞች የሚቀበሉትን ስጦታ የሚገድበው ሕግ እንዲወጣ ከሠሩት አንዱ ነበር፤ ከሌላው ፓርቲ ጋር ተደራድሮ ማለት ነው።

ጥር 2003 ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ዴሞክራቶች ሴኔቱን ያዙ፣ የቺካጎው ኤሚል ጆንስ የሴኔቱ ፕሬዝዳንት ሆነ፣ ኦባማም የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ተሾመ። መዝገቡ በአንዴ ተጥለቀለቀ። ሰውየው በአንድ ክረምት ጎበዝ ሆኖ አይደለም፤ በሩ ስለተከፈተ ነው። እንዲያውም ለዓመታት የደከምንበትን ረቂቅ ለሱ አሸከሙት ብለው ያጉረመረሙ ባልደረቦቹ ነበሩ። እንግዲህ የ1999ን ብቻ ያየ ሰነፍ ይለዋል፣ የ2003ን ብቻ ያየ ተአምረኛ። እኔ ከሁለቱም ይልቅ የ1998ቱን አስበልጣለሁ፤ ሥልጣን በሌለበት ጊዜ የወጣ ሕግ ስለ ሰውየው የመደራደር ችሎታ ይናገራል።

ሕጉን ለአንድ ሰው ማሸከም

በ2003 ኢሊኖይ በግድያ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ሲመረመር ምርመራው እንዲቀረጽ በሕግ ያስገደደች የመጀመሪያዋ ስቴት ሆነች። ሴኔት ውስጥ ረቂቁን የመራው ኦባማ ነው፣ ፖሊሶችና ዐቃብያነ ሕግ አንፈልግም ሲሉ ከነሱ ጋር ተቀምጦ ተደራድሯል፤ ይሄ ሥራው ነው፣ አይነጠቅም። ግን ሐሳቡ ከሰማይ አልወረደም። ኢሊኖይ ሞት የፈረደችባቸው 13 ሰዎች ነጻ ሆነው ከተገኙ በኋላ ሪፐብሊካኑ ገዢ ጆርጅ ራያን በ2000 የሞት ቅጣት መፈጸሙን አስቁሞ ነበር፣ እሱ ያቋቋመው ኮሚሽንም በ2002 ምርመራዎች ይቀረጹ ብሎ ሐሳብ አቅርቧል። በሌላኛው ምክር ቤትም ጉዳዩን የያዙ ሰዎች ነበሩ። እጩ ይህን ሕግ እኔ አወጣሁት ሲላችሁ፣ ከእሱ በፊት ማን ይዞት ነበር፣ በሌላኛው ምክር ቤትስ ማን ተሸከመው ብላችሁ እዩ። ነብራስካ ከሆናችሁ ሁለተኛው ጥያቄ አይመለከታችሁም፤ እነሱ ያላቸው አንድ ምክር ቤት ብቻ ነው፣ 49 ሰው።

"አላለፈም" የሚለውን እንደ ሞት መርዶ ማየት

ሚኒሶታ ላይ ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል። እዚያ በርካታ ትንንሽ ረቂቆች ተጠቅልለው አንድ ግዙፍ ሕግ ውስጥ ይገባሉ። የተመራጩ የራሱ ረቂቅ ኮሚቴ ውስጥ እንደቆመ ይታያል፣ ቃላቱ ግን ግዙፉ ሕግ ውስጥ ገብተው ጸድቀዋል። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው ዜሮ ይሰጠዋል።

ሜሪላንድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ ዓይነት ረቂቅ በሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ቁጥር ይቀርባል። ሁለቱም አልፈው ገዢው አንዱን ፈርሞ ሌላውን ድግግሞሽ ነው ብሎ የጣለበት ጊዜ ብዙ ነው። የተጣለው ቁጥር ባለቤት መዝገብ ላይ ውድቅ ተደረገበት ተብሎ ይጻፋል፤ የፈለገው ነገር ግን ሕግ ሆኗል። በራሪ ወረቀት የሚያዘጋጁት ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ አይነግሯችሁም እንጂ።

የድምፅ አሰጣጡን ሳያውቁ መሳቅ

ኦባማ ኢሊኖይ ውስጥ ከሰጣቸው ወደ 4,000 የሚሆኑ ድምፆች ወደ 130 ገደማዎቹ ደግፌያለሁም ተቃውሜያለሁም ሳይል "ተገኝቻለሁ" ብቻ ያለባቸው ነበሩ። የሂላሪ ክሊንተን ዘመቻ ይህን አንስቶ ቁርጥ ያለ አቋም የለውም ብሎ ወቅሶታል። ግን አሠራሩን እዩት። የኢሊኖይ ሴኔት 59 ወንበር አለው፣ ረቂቅ ለማለፍ 30 የድጋፍ ድምፅ ይፈልጋል፣ በዕለቱ ስንት ሰው ቢገኝም። ስለዚህ ተገኝቻለሁ ማለት በውጤቱ ከተቃውሞ አይለይም። አንዳንዴ ሐሳቡን እደግፋለሁ ረቂቁ ግን ጉድለት አለበት ለማለት፣ አንዳንዴም ከሌሎች ጋር ተመካክሮ ለስልት ይደረጋል። ሁሉም ንጹህ ነበር አልልም፤ ለቅስቀሳ ማስታወቂያ እንዳይመች ብሎ ከግልጽ ተቃውሞ የሚሸሽ ተመራጭ የትም አለ። ለመፍረድ ግን ረቂቁን አንድ በአንድ ማየት ይጠይቃል።

ርዕስ አንብቦ መዝጋት

የረቂቅ ርዕስ ብዙ ጊዜ ማር ይቀባል። ጽሑፉ ደግሞ በመንገድ ላይ ይለዋወጣል፤ ባዶ ረቂቅ አስገብቶ ኋላ ላይ ሌላ ይዘት መሙላት ኢሊኖይ ውስጥ የተለመደ ነው። መጀመሪያ የቀረበውንና የጸደቀውን ጎን ለጎን ክፈቱ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጆቻችሁን አስቀምጡና አብራችሁ አንብቡ፣ ለነሱም ከትምህርት ቤቱ የሲቪክስ ክፍል ይሻላቸዋል።

ከፌዴራሉ ጋር ማምታታት

ግሪን ካርድ፣ ቪዛ፣ ጥገኝነት የኮንግረስ ጉዳይ ነው። የስቴት ተመራጭ ለምን ኢሚግሬሽኑን አላስተካከለም ብሎ መቀየም ልፋት ነው። እሱን በመንጃ ፈቃድ፣ በትምህርት ቤት ገንዘብ፣ በቤት ኪራይ፣ በዝቅተኛ ደመወዝ ጠይቁት።

ተፈረመ ማለት ተጀመረ ብሎ ማሰብ

ያ የምርመራ ቀረጻ ሕግ የተፈረመው በ2003 ቢሆንም ሥራ ላይ የዋለው በ2005 ነው፤ ፖሊሶች ካሜራ ገዝተው እንዲሰለጥኑ ጊዜ ተሰጣቸው። ኢሊኖይ ውስጥ ከግንቦት 31 በኋላ ያለፈ ረቂቅም በሦስት አምስተኛ ድምፅ ካልተደገፈ እስከሚቀጥለው ዓመት ሰኔ 1 ድረስ ሥራ ላይ አይውልም። ስለዚህ ተመራጩ ሕጉ ወጥቷል ሲላችሁ የሚጸናበትን ቀን ጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ይገኛል። በተለይ የኪራይ ወይም የደመወዝ ጉዳይ ከሆነ፣ ቀኑ ሳይደርስ አከራያችሁ ጋ ሄዳችሁ ሕጉ ይፈቅድልኛል ብትሉ የሚሰማችሁ የለም።