ሼክስፒርን የህንድ ፊልም ለማድረግ ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኦቴሎን በጸጋዬ ገብረመድኅን አማርኛ ያነበበ ሰው መሐረቡን አይረሳም። ታሪኩን ዛሬ ህንድ ልውሰደው ለሚል ደራሲ የመጀመሪያው ወጥመድም ይኸው መሐረብ ነው፤ ዕቃውን እንዳለ ይዞ መሄድ። ለሰሜን ህንዷ ክልል ለኡታር ፕራዴሽ ገጠር ሰው «መሐረብ ጠፋ ብሎ ሚስቱን ገደለ» ቢሉት ይስቃል። የህንዱ ዳይሬክተር ቪሻል ባርድዋጅ እ.ኤ.አ. በ2006 ኦቴሎን «ኦምካራ» ብሎ ሲሠራ መሐረቡን በወገብ ጌጥ ተካው፤ ከቤተሰብ ሲወርድ የመጣ፣ ለሙሽራይቱ የተሰጠ። ጌጡ ተሰርቆ እጅ በእጅ ይዞርና ሌላ ሴት ታጥቃው ትጨፍራለች። መሐረብ ቢጠፋ ከኪስ ወደቀ ይባላል። ከወገብ የሚፈታ ነገር ግን «ማን ፈታው?» ያሰኛል። ቅናት ለመቀስቀስ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

የኦቴሎን የቆዳ ቀለም ብቻ ይዞ ህንድ መግባትም አያዋጣም። «ኦምካራ» ውስጥ ቁስሉ ካስት፣ ማለትም በትውልድ የሚወሰን የማኅበረሰብ ደረጃ ነው፦ የዋናው ገጸ ባሕርይ አባት ከላይኛው ካስት፣ ብራህሚን፣ እናቱ ከዝቅተኛ ካስት።

የማክቤዝን ትንቢት ተናጋሪ ጠንቋዮች «ዛሬ ማን ያምናል» ብሎ መሰረዝ ሌላው ስህተት ነው። ታሪኩን ሙምባይ ወሮበሎች መሀል ባወረደው የባርድዋጅ «ማቅቡል» (እ.ኤ.አ. 2003)፣ ትንቢት ተናጋሪዎቹ ሁለት ሙሰኛ ፖሊሶች ናቸው። ኮከብ ይቆጥራሉ፣ ወዲያው ደግሞ ከወሮበሎቹ ጋር ይሞዳሞዳሉ። ስለዚህ ትንቢቱ በራሱ ይፈጸም ወይስ እነሱ ይፈጽሙት፣ አይለይም። ከዳይሬክተሩ ሦስት የሼክስፒር ፊልሞች ይሄኛው ይበልጥብኛል፤ ተዋናዩ ኢርፋን ካን ስላለበት ብቻም አይደለም።

ዘፈን ትራጄዲን ያቀልለዋል ብሎ ማውጣትስ? ሃምሌትን ካሽሚር በወሰደው «ሃይደር» (እ.ኤ.አ. 2014) ውስጥ፣ ሃምሌት አጎቱን በቲያትር የሚያጋልጥበት ቦታ በዘፈን፣ በጭፈራና በአሻንጉሊት ተተክቷል። ልጁ በአጎቱና በእናቱ ፊት እየጨፈረ ይከሳል። ዘፈኑ ከወጣ ክሱም አብሮ ወጣ።

የቀረው የሬሳ ቁጥር ነው። ዋናው ድርሰት ሁሉንም ገድሏልና እኔም ልግደል ይባላል። «ሃይደር» በሚያሳያት በእ.ኤ.አ. 1995ቷ ካሽሚር፣ በሠራዊትና በታጣቂ መሀል፣ አንድ ሬሳ ቢጨመር ማን ይደነግጣል? (ፊልሙን ያላዩ እዚህ ላይ ያቁሙ።) አጎትየው ሁለት እግሩን አጥቶ፣ ደም ላይ እየተንፏቀቀ «ግደለኝ» ሲል፣ ሃይደር ሽጉጡን ደግኖበት ሳይተኩስ ትቶት ይሄዳል።