መኪና ለመቀየር መናኸሪያ ላይ ማንጋት፦ ለጎጃም መንገደኛ

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማለዳ የወጣ አውቶቡስ መንገዱ ከቀናው በቀን ይገባል። የሚያስመሸው ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ቁልቁለትና ዳገት፣ ከጥግ እስከ ጥግ ጠመዝማዛ ስለሆነ አንድ ተሳቢ ከቆመበት ወይም በክረምት አፈር ከተናደበት ኋላ ያለው ሁሉ ይሰለፋል። በስምንት ሰዓት ሊገባ ያሰበ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይወርዳል። ወደ ቻግኒ ወይም ወደ ነቀምቴ አቅጣጫ የሚያደርሰው መኪና ሄዷል፤ ቀጣዩ የሚወጣው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። መሃል ላይ ስምንት ሰዓት ጨለማ አለ።

ሌሊት መናኸሪያ አካባቢ መንገደኛ የሚጠቃው አንድ ቦታ ረግቶ ከተቀመጠበት ይልቅ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ነው፦ ከመኪና ሲወርድ፣ አልጋ ፍለጋ ሲንከራተት፣ ለሽንት ጨለማ ውስጥ ሲገባ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ብቻውን ወደ በሩ ሲመጣ። ስለዚህ ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደምትንቀሳቀሱ አስቀድማችሁ ቁጠሩና ቁጥሩን ቀንሱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያግዘው ለዚሁ ነው።

ከሁሉም የሚቀድም አንድ ነገር አለ። ሰዓት እላፊ ከታወጀ ወይም መንገድ ተዘግቷል ከተባለ ውጭ ማንጋት የሚባል ነገር የለም። ሰዓቱ ሳይደርስ አልጋ ያዙ፤ መታወቂያችሁ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ወደፊት ያለው መንገድ ክፍት መሆኑን የምትጠይቁት ከዚያ አቅጣጫ ያን ቀን የመጣ ሹፌርን ነው። የትናንት ወሬ አይጠቅምም።

ገና መኪናው ውስጥ ሳላችሁ

እንደሚመሽባችሁ ካወቃችሁበት ደቂቃ ጀምሮ ሥራ አለ። ረዳቱን «ግቢ ውስጥ ነው የምታወርደን ወይስ አስፋልት ላይ?» ብላችሁ ጠይቁት። አምሽቶ የሚገባ መኪና የመናኸሪያው በር ተዘግቶ ሊጠብቀው ይችላል፤ ያን ጊዜ መንገደኛው መንገድ ዳር ይራገፋል። አስፋልት ላይ ከሆነ መብራት ያለበት ሆቴል በር ላይ እንዲያቆም አሁኑኑ ለምኑት። ወርዳችሁ ከመለመን ተቀምጣችሁ መለመን ይቀላል።

ቀጥለው የሚሄዱበትን አቅጣጫ እየጠየቃችሁ ወደ እናንተው መንገድ የሚሄዱ ሦስት ወይም አራት ሰው አግኙ። ቀኑን ሙሉ አብራችሁ የተቀመጣችሁትን ሰው ጠባይ ታውቁታላችሁ፤ ሌሊት መናኸሪያ በር ላይ «እኔም ወደዚያው ነኝ» የሚላችሁን ግን አታውቁትም።

ገንዘባችሁን ሦስት ቦታ ክፈሉት። ዋናው ልብስ ውስጥ፣ የነገው መሳፈሪያ በሌላ ኪስ፣ ለባጃጅ፣ ለሻይና ለአልጋ የሚሆነው በባለ 10፣ 50 እና 100 ብር ኖት ተዘርዝሮ በቅርብ ኪስ። የሦስት ሻይ ሂሳብ ለመክፈል ባለ 200 ብር ጥቅል የሚያወጣ ሰው ስንት እንደያዘ ለመንደሩ ሁሉ አሳየ ማለት ነው። የስልኩን ዳታ ዝጉ፣ ቀሪ ሂሳባችሁን በ*804# እዩ፣ የሁለት ሰው ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ስልክ ሲጠፋ ቁጥርም አብሮ ይጠፋል።

የት ላይ እንደምታድሩ መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ከትንሽ መገንጠያ ይልቅ ትልቁን ከተማ ምረጡ። ለነቀምቴ መገንጠያው ቡሬ፣ ለቻግኒና ለመተከል እንጅባራ፣ ለቢቸናና ለሞጣ ደጀን ነው። ቡሬ ወይም እንጅባራ የምትደርሱበት ሰዓት ከምሽቱ 4 የሚያልፍ ከሆነ ግን ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ አድሮ በጠዋት መቀጠል ይሻላል። የሚባክነው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ የምትድኑት ደግሞ ለማታውቁት መስቀለኛ መንገድ በውድቅት ሌሊት እንግዳ ከመሆን ነው።

«ማክሰኞ ሌሊት» የትኛው ሌሊት ነው?

ትኬት ሲቆረጥ በጣም የሚያሳስተው ይህ ነው። «ማክሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት» ያለ ሰው ሰኞ አድሮ ማክሰኞ ሲነጋ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ማክሰኞ አድሮ ረቡዕ ሲነጋ ማለቱም ሊሆን ይችላል። መንገደኛው አንዱን፣ ትኬት ቆራጩ ሌላውን ካሰቡ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይባክናል። «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው አይደል?» ብላችሁ አስረግጡ። አጥቢያ የምትለው ቃል አታሻማም።

ስልካችሁ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ሌሊት 10 ሰዓት ማለት የንጋቱ 4:00 ነው። ማንቂያውን 10:00 ላይ የሞላ ሰው የሚነቃው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው፤ መኪናው ከወጣ አምስት ሰዓት አልፎታል። ትኬቱ ላይ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የወንበር ቁጥሩንና ቀኑን አንብቡ፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

ስትወርዱ

ጣራ ላይ የተጫነ ዕቃ ያለው ሰው እስኪወርድለት ከመኪናው ጎን አይራቅ። ዕቃውን የሚቀበለው ራሱ ወይም ጓደኛው ነው። አንድ ሰው ሮጦ ሻንጣችሁን ተሸክሞ መንገድ ከጀመረ «አስቀምጠው ወንድሜ፣ ሰው እየጠበቅሁ ነው» በሉ፤ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ግን አትሳደቡ። ያው መኪና ጠዋት የሚቀጥል ከሆነ ዕቃው ጣራ ላይ ማደሩን፣ ሸራው መታሰሩንና የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንድ ሹፌር መንገደኛ መኪናው ውስጥ ከረዳቱ ጋር እንዲያድር ይፈቅዳል። ከተፈቀደ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው፦ አንድም ቦታ አትንቀሳቀሱም።

ከዚያ «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! ሁለት ሰው ብቻ!» የሚል ይመጣል። ሌሊት ከመናኸሪያ ውጭ የሚጭን ሚኒባስ ላይ አትሳፈሩ። እዚህ ላይ ማመቻመች የለም። የመናኸሪያው ስምሪት ክፍል ያላሰማራው መኪና መውጫ ወረቀት የለውም፤ ማን እንደወጣበት፣ ስንት ሰዓት እንደወጣ፣ የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ሹፌሩ ቀን ሲነዳ ውሎ ይሆናል። አስፋልቱ ላይ ጋሪ፣ ከብት፣ መብራት የሌለው ትራክተር አለ። «ሁለት ሰው ብቻ» የተባለው መኪና አሥር ሰው እስኪሞላ ከተማውን ሲዞር ያመሻል፤ እናንተም ገንዘብ ከፍላችሁ ውስጡ ታስራችኋል።

አልጋ ወይስ አግዳሚ?

ከአራት ሰዓት በላይ የሚጠበቅ ከሆነ አልጋ ያዙ። ከዚያ በታች ከሆነ ተቀመጡ፤ ለሁለት ሰዓት እንቅልፍ ሁለት ጊዜ በጨለማ መመላለስ አያዋጣም።

የአልጋው ምርጫ በዋጋ ሳይሆን በርቀት ነው። ከመናኸሪያው በር የሚታይ፣ ዘበኛ ያለው ግቢ። ሳትከፍሉ ክፍሉን እዩት፤ በሩን ከውስጥ ቀርቅሩትና ከውጭ አንድ ሰው ይግፋው። መቀርቀሪያው በሁለት ምስማር የተንጠለጠለ ከሆነ ሌላ ክፍል ጠይቁ። ብቻዋን የምትሄድ ሴት ከግቢው ጓሮ ያለውን ክፍል እንቢ ብላ ለእንግዳ መቀበያው የቀረበውን ትጠይቅ፤ ከተቻለ ከሌላ መንገደኛ ሴት ጋር ጎን ለጎን።

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር፣ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ከሰል ማስገባት ያጓጓል። አታስገቡ። የጋመ ከሰል ጭስ ባይታይበትም ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። አመድ የሸፈነው ፍም እንኳ ያወጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ከተሰማችሁ በሩን ከፍታችሁ ወዲያው ውጡ፤ አብሯችሁ ያለውንም ጎትታችሁ አውጡ። ለብርዱ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጠይቁ።

ዘበኛውን «ጋሼ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይቀስቅሱኝ» ማለት ጥሩ ነው፤ ማንቂያ መሙላቱን ግን አይተካም። ሁለቱንም አድርጉ።

ተቀምጦ ማንጋት

ግቢው ክፍት ከሆነ መጀመሪያ ጥበቃውን ተዋወቁ። «ጋሼ፣ መኪናው እስኪወጣ እዚህ ብቀመጥ ይፈቀድልኛል?» ያለ መንገደኛን ዘበኛ ሌሊቱን ሙሉ በዓይኑ ይከታተለዋል። ቦታው መብራት ያለበት፣ ጀርባ በግድግዳ የሚከለል፣ ከዘበኛው ወይም ከትኬት ቢሮው በድምፅ የሚደረስበት ይሁን። ሻይ የምታፈላ ሴት ካለች አጠገቧ ተቀመጡ፤ እዚያ ማን ማን እንደሆነ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

በቆሙ መኪኖች መካከል፣ ከኋላቸው ወይም ሥራቸው በፍጹም አትተኙ። ነፋስ ስለሚከለክል ይመቻል፤ አደጋውም ይኸው ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ሹፌሩ ሞተር ያሞቅና በጨለማ ወደ ኋላ ይነዳል። ጋቢ ተከናንቦ መሬት ላይ የተኛ ሰው በመስታወት አይታየውም።

ዕቃውን እንዲህ ያዙ። ሻንጣውን ከእግራችሁ ፊት አስተኙት፤ አንድ እግራችሁን በማንገቻው ውስጥ እስከ ጉልበት አስገቡ። ሲጎተት ትነቃላችሁ፤ መነሳት ስትፈልጉ ደግሞ አያደናቅፋችሁም። ቁርጭምጭሚት ላይ አትሰሩት፣ በድንጋጤ ስትነሱ ይጥላችኋል። ማዳበሪያ ከሆነ አፉን በሲባጎ አሥራችሁ በቋጠሮው በኩል ወደ ግድግዳው አዙሩትና ተደገፉት። አራት ከሆናችሁ በየሁለት ሰዓቱ አንድ ሰው ነቅቶ ይጠብቅ፤ ተራው የደረሰው ቁጭ ብሎ ሳይሆን ቆሞ ይጠብቅ።

ብርዱ የሚመጣው ከላይ ብቻ አይደለም፤ ሲሚንቶው ከሥር ይመጥጣችኋል። ካርቶን ወይም የታጠፈ ማዳበሪያ ከሥር አንጥፉ፣ ጋቢውን ከላይ፣ ኮፍያና ካልሲ። ከሁሉም የሚከፋው ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያለው ነው፤ ደራቢ ልብስ ለዚያ አቆዩ። አረቄ ያሞቃል የሚሉትን አትስሙ። ቆዳውን ያሞቀዋል እንጂ የሰውነቱን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ላዩ ላይ እንቅልፍ ይጥላል። በሶ፣ ቆሎና የራሳችሁ ውኃ ያዙ። በሶ ለዚህ መንገድ የተሠራ ስንቅ ነው፤ በራሳችሁ ውኃ ጨብጣችሁ ስትበሉ የማታውቁት ሰው የሚያቀርበውን ብስኩትና የተከፈተ ጭማቂ እንቢ ለማለት አትቸገሩም። የሚያስተኛ መድኃኒት የሚገባው በዚያ ነው። «ዕቃዬን ያዝልኝ» እና «ስልክህን ለአንድ ደቂቃ» ለሚሉትም መልሱ አጭር ነው፦ «ይቅርታ፣ አልችልም።»

ለሽንት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ሦስተኛው ዕቃ ይጠብቅ። ብቻውን ያለ ሰው ዕቃውን ይዞ ይሂድ።

ከአልጋ ወደ በሩ

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከአልጋ ቤት ስትወጡ የሚያጋጥማችሁ ሌባ ብቻ አይደለም፤ ውሻና ጅብም አለ። በመንጋ የመጣ ውሻ ሲገጥማችሁ አትሩጡ። ባትሪ አብሩ፣ በትር ካላችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ጀርባችሁን ሳትሰጡ ቀስ ብላችሁ እለፉ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብና ያኑ ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም። እሑድ ወይም በዓል ሲሆን መንገዱ ይቀላል። ነጠላ የለበሱ ምእመናን ለማኅሌትና ለኪዳን ይወጣሉ፤ መንገዳችሁ እስኪለያይ ከእነርሱ ጋር ሂዱ።

በሩ ሲከፈት የሚፈጠረው ግፊያ ለኪስ አውላቂ የሠርግ ሰዓት ነው። ሻንጣ በደረት፣ እጅ በገንዘብ ኪስ ላይ። ሁለት ከሆናችሁ አንዱ ገብቶ ወንበር ይያዝ፤ ሌላው ዕቃው ጣራ ላይ ወጥቶ በሸራ እስኪሸፈን ቆሞ ይይ። የሰሌዳ ቁጥሩ ከትኬቱ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ክፍያው በተለጠፈው ታሪፍ ይሁን፤ ተጨማሪ ሲጠየቅ ተራ አስከባሪውን ወይም ስምሪት ክፍሉን ጥሩ።

ስልክ ከተሰረቀ በሌላ ሰው ስልክ 994 ደውላችሁ ሲም ካርዱን አዘጉ፤ ቴሌብር ካላችሁ ይህ ከፖሊስ በፊት ይቀድማል። ፖሊስ 991 ነው፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ወንበራችሁን ስትይዙ የሰሌዳ ቁጥሩንና የመነሻ ሰዓቱን ለቤተሰብ በአጭር መልእክት ላኩ፤ መኪናው ከከተማው ሳይወጣ፣ ኔትወርኩ ሳይጠፋ።