ከዓሣ ገንዳዬ ውሃ ላይ ያለውን ቅባት እንዴት እንዳጠፋሁት

የገንዳዬ ውሃ ከታች ጥርት ያለ ነው፤ ላዩ ግን እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ ቅባት ይይዛል። መብራት ሲያርፍበት ቀለም ቀለም ይላል።

ሶፍት እያነጠፍኩ አነሳሁት፤ በማግስቱ ተመለሰ። ውሃ ቀየርኩ፤ ያው ነው። የአየር ፓምፑን ሳበረታው ቅባቱ ተበጣጠሰ እንጂ አልጠፋም። ፊልተሩ ውሃ የሚስበው ከታች ስለሆነ ላዩን አይነካውም።

ስለዚህ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ታቹን ቆርጬ ገለበጥኩትና አንገቱን ከፊልተሩ መሳቢያ ቧንቧ ጋር በሲሊኮን አጣበቅኩት። ሲሊኮኑ ፀረ ሻጋታ የሌለበት ይሁን፤ ፀረ ሻጋታው ዓሣ ሊገድል ይችላል። በደንብ እስኪደርቅም ጠብቁ። አሁን የላዩ ውሃ በጠርዙ በኩል እየፈሰሰ መግባት ጀመረ። ግን ውሃው በትነት ትንሽ ሲጎድል ጠርዙ ብቅ ይላል፣ የፊልተሩ ፓምፕም አየር እየሳበ ይንጫጫል።

መፍትሔው ተንሳፋፊ ቀለበት ነው። ከሌላ ሰፋ ያለ ጠርሙስ ቀለበት ቆርጬ በሃይላንዱ ላይ ላላ አድርጌ አጠለቅኩትና ዙሪያውን ፎም ለጠፍኩበት። ውሃው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ፎሙን በምላጭ ትንሽ ትንሽ ቀንሱለት፤ የቀለበቱ ጠርዝ ከውሃው በታች 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሰምጥ በቃ። ትንንሽ ዓሦች እንዳይገቡ ጠርዙን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አውጡለት።

ዓሦቹን ስትመግቡ ፊልተሩን አጥፉ፤ አለዚያ ምግቡን ሙልጭ አድርጎ ይስበዋል።