ማታ የሞቀው ውሃ ጠዋት የት ገባ?

ባለፈው ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት እናት ጠሩኝ። ጣሪያቸው ላይ ሶላር ውሃ ማሞቂያ አላቸው። “ልጄ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ውሃው ይፋጃል። ጠዋት 12 ሰዓት ስነሳ በረዶ ነው። ማንም አልታጠበበትም። ሌሊት ጅብ ይጠጣዋል ልበል?” አሉኝ።

ጅቡን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ አገሩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። መሐል ሜዳ ደግሞ ከእሷም ትብሳለች። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል። ለሶላር ማሞቂያ ከዚህ የተሻለ ቀን፣ ከዚህ የከፋ ሌሊት የለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ዝም ብሎ የሚታለፍ ስህተት እዚህ ወዲያው ይጋለጣል። የማወራው ፓምፕ ስለሌለው፣ ታንከሩ ከላይ፣ ውሃውን በፀሐይ የሚያሞቀው ፓነል ከታች ስለሚቀመጠው ዓይነት ነው።

ውሃውን የሚገፋው ጉልበት ብዙ ነው ብሎ ማሰብ

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይህች ናት። 1 ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ 998 ግራም ያህል ይመዝናል። በ60 ዲግሪ 983 ግራም ገደማ ነው። ልዩነቱ 15 ግራም። የሞቀው ቀለል ስለሚል ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ከበድ ስለሚል ይወርዳል። ሞተሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። የ1 ሜትር ከፍታ ቢኖራችሁ እንኳ የምታገኙት ግፊት 15 ሚሊ ሜትር የውሃ ከፍታ ብቻ ነው። የአውራ ጣት ስፋት አያክልም።

ብዙ ቧንቧ ሠራተኛ ግን የሚዘረጋው የመንገድ ውሃ እንደሚገፋው አድርጎ ነው። ግማሽ ኢንች ቧንቧ ይጎትታል፤ በየማዕዘኑ ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ) ይደረድራል። እያንዳንዱ ጎሚቶ ከዚያች አውራ ጣት ላይ ይቆርሳል። በፓነሉና በታንከሩ መካከል ያለው ቧንቧ ከሦስት ሩብ ኢንች ባያንስ ጥሩ ነው፤ 1 ኢንች ከሆነማ እሰየው።

ቧንቧውን እንደ ግመል ጀርባ ማጉበጥ

አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ሄጄ ያየሁት ነው። ፓነሉ እጅ አያስነካም፣ ታንከሩ ግን ቀዝቃዛ። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ፓነል ሊቀይር አስቦ ነበር። ጣሪያው ላይ ወጥቼ የሙቁን ቧንቧ በእጄ እየዳበስኩ ሄድኩ። ከፓነሉ ይወጣል፣ አንድ ወራጅ እንጨት ላይ ይንጠላጠላል፣ ከዚያ ትንሽ ወረድ ብሎ ታንከሩ ውስጥ ይገባል። እስከ እንጨቱ ድረስ ያቃጥላል። ከእንጨቱ ወዲያ ምንም።

ጉብታው ላይ አየር ተኝቷል። ከየት መጣ? ከውሃው ከራሱ። ድስት ስትጥዱ ውሃው ገና ሳይፈላ ታች ላይ የምታዩአቸው ጥቃቅን አረፋዎች አሉ አይደል? ቀዝቃዛ ውሃ አየር አሟሙቶ ይይዛል፤ ሲሞቅ ይለቀዋል። ፓነል ውስጥም በየቀኑ ያው ነው። አረፋው መውጫ ካገኘ ወደ ታንከሩ ይሄዳል። ጉብታ ካገኘ እዚያው ይሰበሰባል። በከተማ ውሃ ግፊት ቢሆን ተጠርጎ በሄደ። በ15 ሚሊ ሜትር ግፊት ግን ያቺ የአየር ኪስ ግድብ ናት።

መድኃኒቱ ሙቁ ቧንቧ ከፓነሉ እስከ ታንከሩ ሳያቋርጥ እንዲወጣ ማድረግ ነው። በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፤ መያዣው ከተራራቀ መሐሉ ይረግባል፣ ጫፉ ጉብታ ይሠራል። ጉብታውን ማስቀረት ካልተቻለ አናቱ ላይ አየር ማስለቀቂያ ይገጠም። የማስለቀቂያዋ ትንሽ ቆብ ላላ ካላለች ግን ጌጥ ናት። ጥብቅ ተደርጋ የተዘጋች ስንቱን አይቻለሁ!

አየር መኖሩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ እያለ፣ ሁለቱን ቧንቧዎች ያዙ። የላይኛው ሙቅ፣ የታችኛው ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ውሃው እየዞረ ነው። ፓነሉ እየነደደ ታንከሩ ጋ ያለው የሙቁ ቧንቧ ጫፍ ቀዝቃዛ ከሆነ አየር ይዞታል።

የአየር መውጫውን መድፈን

ከታንከሩ አናት ወደ ላይ የቆመች ቧንቧ አለች። አንዳንዴ ትንጠባጠባለች። ሰው ተበሳጭቶ በእንጨትና በፌስታል ይወትፋታል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት ውስጥ ይህን ያደረገ ሰው አውቃለሁ። ታንከሩን የሚመግበው የቀዝቃዛ ውሃ ሮቶ ባዶ ሆነ፣ ታች ምድር ቤት አንዱ ሙቁን ከፈተ። ውሃው ወረደ፣ የሚተካው አየር ግን መግቢያ አጣ። ታንከሩ እንደ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ጭርምት አለ። ድምፁን ጎረቤት ሰማው። ሌላው አደጋ የተገላቢጦሹ ነው፤ ውሃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ግፊቱ የሚተነፍስበት አያገኝም። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ መሆኑንም አትርሱ።

ከተንጠባጠበች ምክንያቱን ፈልጉ። ጫፏ ሮቶው ውስጥ ካለው ውሃ ከፍታ በታች ይሆናል፣ ወይም ሮቶው ሲሞላ የሚዘጋው ኳስ ተበላሽቷል።

ውሃ ሲመጣ በጥድፊያ መሙላት

ውሃው ሲመለስ ከታች በኩል በቀስታ ይሞላ። ላይ ቤት ያለውን የሙቅ ቧንቧ ክፈቱና አየር መትፋቱን እስኪያቆም ጠብቁ።

የውሃውን የኋልዮሽ ጉዞ በማንኛውም ቫልቭ ለመከልከል መሞከር

አሁን ወደ ጅቡ። ሌሊት ጠፍጣፋው ፓነል ሙቀቱን ለጠራው ሰማይ ይሰጣል። ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ቁልቁል ይሄዳል። ታንከሩ በቂ ከፍታ ከሌለው ሙቁ ውሃ በላይኛው ቧንቧ ተስቦ ወደ ፓነሉ ይገባል። ቀን የሞቀውን ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ለኮከብ ሲያሞቁበት ማደር ማለት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጋቢ ደርባችሁ ከፓነሉ አናት የሚወጣውን ቧንቧ ያዙ። ሞቅ ካለ ሌባው እሱ ነው። (በጠፍጣፋ ፓነል ፈንታ ታንከሩ ላይ የመስታወት ቱቦ የተሰካባቸው ማሞቂያዎች በዚህ በኩል ይሻላሉ።)

ከእኔ በፊት የመጣው ሠራተኛ ይህን ጠርጥሮ ባለ ስፕሪንግ ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ገጥሞ ነበር። ሌሊቱን አስቆመ፣ ቀኑንም አብሮ አስቆመ። ስፕሪንጓን ለመክፈት ከአውራ ጣቷ ግፊት ብዙ እጥፍ ያስፈልጋላ። እሱን ፈተው ሲጥሉ ጅቡ ተመለሰ።

እናቲቱ ቤት ታንከሩ ለዓይን እንዳይከፋ ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ ታቹ ከፓነሉ አናት ጋር እኩል ነው። ብረት በይደን 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግነው። የታንከሩ ታች ከፓነሉ አናት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የውጭ ቧንቧውንም በስፖንጅ ሸፈንን። “መልኩ አላማረም” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አላማረም።

በነገራችን ላይ እኚሁ እናት ቤት ሌላም ነበር። የእጅ ሻወሩን በራሱ ቁልፍ ይዘጉና ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቅና የቀዝቃዛ መክፈቻ ክፍቱን ይተዉታል። ሁለቱ ውሃዎች እዚያ ይገናኛሉ፣ አንዱ በሌላው ቧንቧ ይሾልካል። ከቀዝቃዛው ቧንቧ ለብ ያለ ውሃ ከመጣ መጀመሪያ ይህን እዩ።

የመኪና ፀረ-በረዶ መጨመር

ውርጭ እንዳያፈነዳው ብለው የሚሞክሩት አሉ። መርዝ ነው፤ የምትታጠቡበትና ምናልባት የምትጠጡት ውሃ ውስጥ አይገባም። ውርጭ የሚጥልበት ሰሞን ከሆነና ቤቱ ባዶ ከሆነ ፓነሉን አድርቆ መሄድ ይሻላል።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ስልኬ ጮኸ። እናቲቱ ናቸው።

“ልጄ፣ ጅቡ ጦሙን አደረ።”